የቱ ኤዲተር ይሻላል?

"ቪዲዮ ኤዲት ላድርግ ነበር፤ የቱ ሶፍትዌር ይሻላል?" የሚል ጥያቄ ከዘመድ ይመጣልኛል። አብዛኛውን ጊዜ ከሰርግ በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ከልደት ወይም ከተዝካር በኋላ። ጠያቂው የሚፈልገው አንድ ስም ነው። ስሙን ብነግረው ዛሬውኑ አውርዶ ሊጀምር። እኔ ደግሞ ስም አልሰጥም። "መጀመሪያ ላፕቶፕህን አሳየኝ፤ ቀጥሎ ቪዲዮዎቹን" እላለሁ። ይሄኔ ፊቱ ቅጭም ይላል።

ላስቸግረው ፈልጌ አይደለም። ዩቲዩብ ላይ "ምርጥ ኤዲተር" እያሉ የሚያወዳድሩት ሰዎች የሚሠሩበት ኮምፒውተር እኛ ቤት ካለው ጋር አይገናኝም። የሚያወዳድሩትም በኢፌክትና በትራንዚሽን ብዛት ነው። የቤት ሰው ሥራ ግን ትንሽ ነው። የማይረባውን ቆርጦ መጣል፣ የቀረውን ማያያዝ፣ የዲጄውን ድምፅ ዝቅ፣ የአያትን ምርቃት ከፍ ማድረግ፣ መጀመሪያው ላይ ስምና ቀን መጻፍ። ይህን የማይሠራ ኤዲተር ዛሬ የለም። ልዩነቱ የሚመጣው ሌላ ቦታ ነው። ያላችሁ ማሽን ይችለዋል ወይ? የእኛን ፊደል በሥርዓት ይጽፋል ወይ? ከዓመታት በኋላ ፕሮጀክቱን፣ ማለትም የቆረጣችሁትንና የቀጠላችሁትን ኤዲተሩ የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ልክፈት ስትሉ ይከፈታል ወይ? እኔ የምመርጠው በእነዚህ ነው።

ከማሽኑ ልጀምር። የእኔ ላፕቶፕ ዩዝድ የተገዛ ነው። ኮር አይ ፋይቭ፣ 4ኛ ጄኔሬሽን፣ 8 ጂቢ ራም፣ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የሌለው። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው ቤት ያለው ይህን የሚመስል ነው። ፊልም ያጫውታል፤ ዩቲዩብ ያሳያል፤ ኤክሴል ይከፍታል። "ፊልም እንዲህ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ላፕቶፕ ኤዲት ሳደርግ ለምን ስታክ ያደርጋል?" የሚል ሰው ብዙ ነው። ምክንያቱ ቪዲዮው የተጨመቀበት መንገድ ነው።

ቪዲዮ ማለት በፍጥነት የሚከታተሉ ሥዕሎች ናቸው፤ አንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል። አንድ ባለ 1920 በ1080 ፍሬም ሳይጨመቅ 6 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። በሴኮንድ 30 ፍሬም ከሆነ አንዱ ደቂቃ ወደ 11 ጊጋባይት ሊሆን ነው። አይፎን ያንኑ አንድ ደቂቃ በ60 ሜጋባይት ገደማ ያስቀምጠዋል፤ ሴቲንጉ ውስጥ ራሱ ጽፎታል። እንዴት ቻለ? ሙሉ ሥዕል የሚያስቀምጠው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። በመሃል ያሉትን ፍሬሞች "ከቅድሙ ይሄ ይሄ ተቀየረ" እያለ ልዩነታቸውን ብቻ ይመዘግባል። ፊልም ስታዩ ኮምፒውተሩ በአንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ ብዙ አይቸገርም። ኤዲት ስታደርጉ ግን ወዲህ ወዲያ ትዘላላችሁ። መሃል ላይ ባረፋችሁ ቁጥር ወደ ኋላ ሄዶ ሙሉውን ሥዕል ፈልጎ፣ ልዩነቶቹን እየደመረ እናንተ ያላችሁበት ድረስ መምጣት አለበት። ሁለት ክሊፕ ከደራረባችሁ ደግሞ ድካሙ እጥፍ ነው።

አዲሱ አጨማመቅ ኤችኢቪሲ ይባላል፤ ኤች 265 የሚሉትም እሱኑ ነው። አይፎን ከ2017 ወዲህ፣ ከአይኦኤስ 11 ጀምሮ ማለት ነው፣ በዚህ መቅረጽ ጀመረ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው። የእኛው ሲሆን እናገራለሁ።) ከአይፎን 12 ወዲህ ኤችዲአር፣ ማለትም ከተራው ቪዲዮ ሰፋ ያለ ብርሃንና ጥላ የሚይዝ አቀራረጽ፣ ተጨመረበትና ባለ 10 ቢት ሆነ፤ ቀለሙ በብዙ ደረጃ ይመዘገባል ማለት ነው። ኢንቴል ደግሞ ባለ 10 ቢቱን ኤችኢቪሲ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለ ልዩ ሃርድዌር መፍታት የጀመረው በ7ኛው ጄኔሬሽን ነው። እህቴ ከቨርጂኒያ የላከችው የአይፎን ቪዲዮ የእኔ 4ኛ ጄኔሬሽን ላይ ሲደርስ ሸክሙ በሙሉ ዋናው ፕሮሰሰር ላይ ይወድቃል። ፋኑ ሊበር ይደርሳል። ከለሩም ይበላሻል። ኤችዲአሩ ተራ ታይምላይን (ክሊፖች የሚደረደሩበት መስመር) ላይ እንዲሁ ሲቀመጥ የሐበሻ ቀሚሱ ጥለት ሳይቀር ነጥቶ ይታያል።

ከምንጩ ማስተካከል ይቻላል። ቀራጩ ሰው አይፎኑ ላይ የካሜራ ሴቲንግ ገብቶ፣ ፎርማት የሚለው ጋ "ሞስት ኮምፓቲብል" የሚለውን ይምረጥ፤ ኤችዲአር ቪዲዮውንም ያጥፋ። ተቀርጾ ላለቀው ደግሞ ፕሮክሲ አለ። ኤዲተሩ ከእያንዳንዱ ክሊፕ ትንሽዬና ለመክፈት የቀለለ ቅጂ ያዘጋጃል። ስትቆርጡና ስትቀጥሉ የምትሠሩት በቅጂው ነው። መጨረሻ ላይ ኤክስፖርት ስታደርጉ፣ ያለቀውን ቪዲዮ ስታወጡ ማለት ነው፣ ግን ራሱ ዋናውን ፋይል ይጠቀማል። ቅጂውን እስኪያዘጋጅ መጠበቅ አለ፤ ቡና ማፍላት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን የእኔ አሮጌ ላፕቶፕ እንኳ ባለ 4ኬ ቪዲዮ ሲያንሸራሽር ያስገርማል። ስለዚህ አንድ ኤዲተር ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የማየው ፕሮክሲ እንዳለውና አሠራሩ ግልጽ መሆኑን ነው። ኬደንላይቭ፣ ሾትከት፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭና ፕሪሚየር አራቱም አላቸው።

በነገራችን ላይ፣ ለሶፍትዌር የሚሆን ገንዘብ ያስቀመጠ ሰው ካለ መጀመሪያ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ ይግዛበት። ከተረፈው ራሙን 16 ያድርስ። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ሆኖ ስለ ኤዲተር መጨቃጨቅ ጊዜ ማባከን ነው።

ቀጥሎ ቪዲዮዎቹ። እኛ ቤት ያለው ክምችት የተቀላቀለ ነው። የእህቴ ሰርግ በቪኤችኤስ ካሴት የተቀረጸ ነው፤ በ94 ጥር፣ ይሄ በእኛው ሲሆን በፈረንጁ 2002 መሆኑ ነው። ከዘመድ በቴሌግራም የመጡ የስልክ ክሊፖች አሉ። ከአሜሪካ የሚላከው ደግሞ አለ። ሦስቱም የየራሳቸው ጣጣ አላቸው። ኤዲተሩን የሚፈትነውም ይሄ ነው።

ካሴት ያለው ሰው አይዘግይ። የጃፓኑ ፉናይ የመጨረሻው የቪኤችኤስ ማጫወቻ አምራች ነበር፤ እሱም በ2016 ማምረቱን አቆመ። የሚሠራ ዴክ ማግኘት በየዓመቱ እየከበደ ነው። እኛ ካሴቱን አንድ ሱቅ ሰጥተን አስገለበጥነው። ሲመጣ ምስሉ ለአሁኑ ሰፊ ቲቪ እንዲሞላ ተለጥጧል። ሰርገኛው በሙሉ ወፍሯል። እህቴ ቆርጬ የላክሁላትን አይታ "ያኔም እንዲህ ነበርኩ እንዴ?" አለችኝ። የድሮ ቪዲዮ 4 በ3 ነው። ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቅር እንጂ ሰው አይለጠጥ። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ የክሊፑን ምጣኔ ለብቻው ማስተካከል የሚያስችል ኤዲተር ያስፈልጋል። ኬደንላይቭም ሾትከትም ዳቪንቺም ይህን ይሠራሉ፤ ቦታውን ማወቅ ብቻ ነው።

ኢንተርሌስ የሚባለው ደግሞ ይብሳል። የእኛ አገር ቴሌቪዥንና ካሜራ የተለመደው ፓል በሚባለው ሥርዓት ነው፤ በሴኮንድ 25 ፍሬም። እያንዳንዱ ፍሬም ለሁለት ይከፈላል። መጀመሪያ 1፣ 3፣ 5 እያሉ የሚሄዱት መስመሮች፣ ቀጥሎ 2፣ 4፣ 6 ያሉት። ሁለቱ ግማሾች የተቀረጹበት ቅጽበት ይለያያል። በድሮው ቲቪ ላይ ይህ አይታወቅም ነበር። በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ግን ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል። እስክስታ ላይ ሲደርስ ጉድ ነው። ትከሻው የማን እንደሆነ አይለይም። ዲኢንተርሌስ የሚለውን ማብራት ያስፈልጋል። አንዳንድ ኤዲተር የክሊፑን ዓይነት ራሱ ያውቃል፤ ፋይሉ በስህተት ከተገለበጠ ግን በእጅ መንገር የግድ ነው። እንዲህ ያለውን በእጅ የማያስነካ "ቀላል" ኤዲተር ለካሴት ሥራ አይሆንም።

ከአሜሪካ የሚመጣው ቪዲዮ በሴኮንድ 29.97 ወይም 30 ፍሬም ነው። እሱን የእኛ 25 ላይ ስታስቀምጡት በየሴኮንዱ 5 ፍሬም ይጣላል። ቁጭ ብሎ የሚያወራ ሰው ላይ ምንም አይታወቅም። ካሜራው ሲዞር ግን እየነጠቀ ይሄዳል። ፈውስ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አብዛኛው ክሊፕ በየትኛው እንደሆነ ቆጥሮ ፕሮጀክቱን በዚያ መክፈት ነው። ዳቪንቺ ላይ ይህን መጀመሪያ ወስኑ። ቪዲዮ ካስገባችሁ በኋላ የፕሮጀክቱ የፍሬም ፍጥነት ይቆለፋል። ስንት ሰው ሥራውን ግማሽ ላይ አድርሶ እንደ አዲስ ጀምሯል።

እግረ መንገዴን፣ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ በሴኮንድ 50 ዙር ማለት ነው፤ ከ30ና ከ60 ፍሬም ጋር አይገጥምም። ስልክ በ30 ወይም በ60 ፍሬም ሲቀርጽ የአዳራሹ መብራት ቪዲዮው ላይ የሚርገበገበው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ዳቪንቺ ይህን የሚያለሰልስ መሣሪያ አለው፤ በሚከፈልበት ቅጂ ውስጥ ነው እንጂ። አይፎን ላይ "ፓል ፎርማቶችን አሳይ" የሚል ምርጫ አለ፤ እሱን ስታበሩ 25 ፍሬም ይመጣል። ከሰርጉ በፊት ለቀራጩ መንገር ከሰርጉ በኋላ ሶፍትዌር ከመፈለግ ይቀላል።

የቴሌግራሙ ጉዳይ አጭር ነው። ቪዲዮ ብላችሁ ስትልኩ ይጨመቃል። ፋይል ብላችሁ ስትልኩ እንዳለ ይደርሳል፤ እስከ 2 ጊጋባይት ድረስ በነፃ። ዘመዶቼን ሁሉ ይህን አስተምሬአለሁ። ግማሾቹ አሁንም እንደ ቪዲዮ ይልካሉ።

የስልክ ቪዲዮ አንድ ሌላ አመል አለው። የፍሬም ፍጥነቱ ወጥ አይደለም። ብርሃን ሲያንሰው ስልኩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሲበራለት ይጨምራል። አንዳንድ ኤዲተር ይህን ሳያስተውል ይቀበልና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ድምፁና አፉ ይለያያሉ። ሽማግሌው መርቀው ጨርሰው አፋቸው ገና ይንቀሳቀሳል። ኬደንላይቭ እንዲህ ያለ ክሊፕ ሲገባ "ልቀይረው?" ብሎ ይጠይቃል። ሌላ የምትጠቀሙ ከሆነ ሀንድብሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ኮንስታንት ፍሬምሬት የሚለውን መርጣችሁ አስቀድማችሁ ቀይሩት።

አሁን ወደ ስሞቹ።

እኛ አገር ለብዙ ሰው ኤዲተር ማለት ፕሪሚየር ነው። የሙያው ልጆች ያደጉት በእሱ ነው፤ ተበላሽቶባችሁ ብትጠይቁ የሚያውቅ ሰው ጎረቤት ይገኛል። ይሄ ቀላል ጥቅም አይደለም። አዶቤ ፕሪሚየርን ያወጣው በ1991 ነው። እስከ 2013 አካባቢ ድረስ አንዴ ከገዛችሁት የራሳችሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኪራይ ሆነ፤ በወር ከ20 ዶላር በላይ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለው ሰው የአንድ ምሳ ዋጋ ነው። እዚህ ግን መጀመሪያ በዶላር ኦንላይን የሚከፍል ካርድ ማግኘት አለባችሁ። በእኛው 2016 ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ያው 20 ዶላር በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ኪራዩን ስታቆሙ ፕሮግራሙ ይዘጋል። የሠራችሁት ፕሮጀክት ዲስካችሁ ላይ ቁጭ ብሎ አትከፍቱትም።

ክራክ እንዳለ አውቃለሁ። ሁላችንም እናውቃለን። በፍላሽ ይዞ መጥቶ የሚጭንላችሁ ልጅም አለ። ልሰብክ አይደለም። ግን "አንቲቫይረሱን መጀመሪያ አጥፋው" ተብሎ የሚጫን ፕሮግራም የሚገባው የት እንደሆነ አስቡት። የቤተሰባችሁ አንድ ለእናቱ የሆነ ቪዲዮ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ነው። ፋይሎቻችሁን ቆልፎ ዶላር የሚጠይቅ ቫይረስ እንደዚህ ባለው በር ነው የሚገባው።

ዳቪንቺ ሪዞልቭ ታሪኩ ደስ ይላል። ዳቪንቺ ሲስተምስ ፍሎሪዳ የነበረ ድርጅት ነው፤ ለፊልም ቤቶች የከለር ማስተካከያ ማሽን ይሠራ ነበር። ዋጋው ለግለሰብ የማይታሰብ ነበር። በ2009 ብላክማጂክ ዲዛይን የሚባል የአውስትራሊያ ኩባንያ ገዛው። ብላክማጂክ ካሜራና የስቱዲዮ ዕቃ ይሸጣል፤ ሶፍትዌሩን በነፃ ማደል ለገበያው ይረዳዋል። ዛሬ ነፃው ቅጂ እስከ አልትራ ኤችዲ፣ በሴኮንድ እስከ 60 ፍሬም ያወጣል፤ የራሱን ማርክም አይለጥፍበትም። ስቱዲዮ የሚባለው 295 ዶላር ነው፤ የሚከፈለውም አንዴ ነው። ጥሩ ማሽን ያለው ሰው ሲጠይቀኝ ሳላቅማማ እሱን እላለሁ። ከለር ላይ የሚደርስበት የለም። የድምፅ ክፍሉም የሚናቅ አይደለም።

ግን ግራፊክስ ካርድ ይወዳል። 8 ጂቢ ራም ባለው፣ ለብቻ ግራፊክስ በሌለው ላፕቶፕ ላይ መክፈቱን ይከፈታል፤ መሥራት ግን ትዕግሥት ይጨርሳል። ማውረጃው ብቻ ከ2 ጊጋባይት በላይ ነው፤ በሞባይል ዳታ የሚያወርድ ሰው ያስብበት። ሊኑክስ የሚጠቀም ካለ ደግሞ ነፃው ቅጂ እዚያ ላይ ኤች 264 የሚባለውን፣ ከኤችኢቪሲ በፊት የመጣውን የተለመደ አጨማመቅ፣ አይከፍትም፤ የስልክ ቪዲዮ ሁሉ ቀረ ማለት ነው። አንድ ሌላ ነገር አለ፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ዳቪንቺ ፕሮጀክቱን የሚያስቀምጠው በራሱ ዳታቤዝ ውስጥ ነው። የቪዲዮዎቹን ፎልደር ኮፒ አድርጋችሁ ኮምፒውተር ብትቀይሩ ፕሮጀክቱ አብሮ አይመጣም። ለብቻው ኤክስፖርት ማድረግ አለባችሁ። ይህን ሳያውቅ ዊንዶውስ ፎርማት ያስደረገ ሰው ያሳዝናል።

ማክ ያለው ሰው አይሙቪ በነፃ አለው፤ ለቤት ይበቃዋል። ፋይናል ከት ወደ 300 ዶላር ነው። ጥሩ ነው፤ ግን በ2011 ፋይናል ከት ፕሮ ኤክስ ሲወጣ በቀድሞው ቅጂ የተሠሩ ፕሮጀክቶችን አይከፍትም ነበር። ባለሙያዎቹ በጣም ተናደዱ። ዊንዶውስ ላይም ያው ነው። ሙቪ ሜከር ከ2000 ጀምሮ የስንቱ የመጀመሪያ ኤዲተር ነበር። ማይክሮሶፍት በ2017 መጀመሪያ ላይ አቋረጠው፤ በእሱ የተሠሩት ፕሮጀክቶችም ባለቤት አጡ። አሁን በቦታው ክሊፕቻምፕ አለ። ለልደት ቪዲዮ ይበቃል። ለካሴት አልመርጠውም።

ካፕከት ላይ ቁጣ እንደምቀሰቅስ አውቃለሁ። ወጣቶቹ ሁሉ እሱ ላይ ናቸው፤ ለቲክቶክ ከሆነ ይሁን። ፈጣን ነው። ግን የባይትዳንስ ነው፤ የቲክቶክ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ማለት ነው። በ2025 ጃንዋሪ አሜሪካ ቲክቶክን ስትከለክል ካፕከትም አብሮ እዚያ ጠፋ። ቶሎ ተመለሰ፤ ቢሆንም አንድ ሌሊት ላይ ሥራው በመሃል የቆመበት ሰው ብዙ ነው። በነፃ የነበሩ ነገሮችም አንድ በአንድ ወደሚከፈልበት እየገቡ ነው። ለዛሬ ቪዲዮ ምንም አይደለም። እህቴ ሰርግ ላይ ያለችውን አያቴን ግን እንዲህ ላለ ነገር አላስረክብም።

እኔ የምሠራው በኬደንላይቭ ነው። ከ2002 ጀምሮ ያለ ነው። የኬዲኢ ማኅበረሰብ የሚያዘጋጀው፣ ኮዱ ክፍት የሆነ፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም የሚሄድ ፕሮግራም ነው። ሾትከትም የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ሁለቱም ኤምኤልቲ በሚባል አንድ ሞተር ላይ የተሠሩ ናቸው። የማከብራቸው በአንድ ነገር ነው። የፕሮጀክቱ ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው። ኖትፓድ ይከፍተዋል። ፎልደር ስታዛውሩ ክሊፖቹ ቢጠፉበት ውስጥ ገብታችሁ የፎልደሩን ስም መቀየር ትችላላችሁ። ነገ አዘጋጆቹ ቢተዉት እንኳ የትኛው ክሊፕ ከስንት እስከ ስንት እንደተቆረጠ በዓይን ይነበባል። ከሙቪ ሜከር በኋላ ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

እንከን የላቸውም አልልም። ኬደንላይቭ አንዳንዴ ሳይሰናበት ይዘጋል። ስትመልሱት "ያልተቀመጠ ሥራ አለህ፣ ልመልሰው?" ይላል፤ አብዛኛውን ይመልሳል። ሾትከት አይንቀለቀልም፤ ቀለል ያለ ነው። ግን ጽሑፍ መጻፊያው ፊልተር ውስጥ ነው የተደበቀው። ጀማሪ ሰው እዚያ ይፈልገዋል ብሎ ማን አሰበ?

ጽሑፍ ካነሳን ፊደላችን አለ። በዚህ ረገድ ዛሬ የደላን ነን። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚስማሙበት የፊደሎች ዝርዝር ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደሎች ቦታ እየደበቁ ነበር የሚሠሩት። እንዲህ ባለ ፎንት የተጻፈ ርዕስ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ የላቲን ዝባዝንኬ ይሆናል። ሱቅ ውስጥ አሁንም በእነሱ የሚሠራ አለ፤ ፕሮጀክቱን ካልተቀበላችሁ ግድ የለም፤ የምትረከቡ ከሆነ ግን ጠይቁ። ዊንዶውስ ላይ ኒያላና ኤብሪማ አሉ። እኔ የምወደው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ነው። ነፃ ነው፤ ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ድረስ ሙሉ አለው። ቪዲዮ ላይ ቀጭን ፊደል አይነበብም፤ በተለይ ነጭ ቀሚስ ላይ። ኢታሊክ የሚለውን አትንኩት። ፎንቱ የራሱ ዘንባላ ፊደል ከሌለው ኤዲተሩ ጎትቶ ያዘምመዋል፤ ያስጠላል። አዲስ ኤዲተር ስጭን መጀመሪያ የምጽፈው "ቋ ጓ ኳ ጿ ።" ነው። አንዱ ሳጥን ሆኖ ከመጣ ፎንት እቀይራለሁ። ፎንት ቀይሬም ካልተስተካከለ ኤዲተሩን አጠፋዋለሁ።

የእህቴ ልጆች አማርኛ እንደነገሩ ነው። አያቴ የመረቀችውን እንዲረዱ ሳብታይትል ያስፈልጋል። ሳብታይትሉን ቪዲዮው ላይ ከማተም ኤስአርቲ በሚባል የጽሑፍ ፋይል ለብቻ ማውጣት ይሻላል፤ ያው ቪዲዮ ለእኛ ያለ ጽሑፍ፣ ለእነሱ ከእንግሊዝኛ ጋር ይሆናል። የአማርኛ ኤስአርቲ ስታስቀምጡ ዩቲኤፍ 8 (የእኛን ፊደል የሚይዝ የጽሑፍ አቀማመጥ) መሆኑን አረጋግጡ፤ አለበለዚያ ቲቪው ላይ የጥያቄ ምልክት ይደረደራል። ኬደንላይቭ ዊስፐር በሚባል ሞዴል ንግግርን ወደ ጽሑፍ መቀየርም ይችላል። አማርኛ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። የአያቴን ምርቃት ሰጠሁት። ያወጣውን ለቤተሰብ አንብቤላቸው ሲስቁ አመሹ። በእጅ ጻፍኩት።

መብራት ሳላነሳ ባልፍ የእኛ አገር ጽሑፍ አይመስልም። ኤምፒ 4 ፋይል ማውጫውን፣ ማለትም የትኛው ፍሬም የት እንዳለ የሚናገረውን ክፍል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ነው። ኤክስፖርቱ 95 በመቶ ደርሶ መብራት ቢሄድ 95 በመቶ የሚሆን ቪዲዮ አይተርፋችሁም፤ የማይከፈት ፋይል ነው የሚተርፋችሁ። ኤምኬቪ የሚባለው የፋይል ዓይነት በዚህ ይሻላል፤ እስከተጻፈበት ድረስ ብዙ ጊዜ ይከፈታል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ያለው ሰው ረጅሙን ሥራ በየክፍሉ እየቆረጠ ያውጣ። ኬደንላይቭም ሾትከትም ዳቪንቺም ከታይምላይኑ የመረጣችሁትን ክፍል ብቻ ማውጣት ይችላሉ።

እንግዲህ ምርጫው ላይ ለመድረስ የማደርገው ይሄን ነው። ከካሴቱ፣ ከስልኩና ከአሜሪካ ከመጣው አንዳንድ አጭር ክሊፕ እወስዳለሁ። አዲሱ ኤዲተር ላይ እቀጣጥላቸዋለሁ፤ ፕሮክሲ አሠራለሁ፤ የአማርኛ ርዕስ እለጥፋለሁ። አስቀምጬ እዘጋለሁ። ፎልደሩን ወደ ሌላ ዲስክ አዛውሬ እንደገና እከፍታለሁ። ከዚያ ኤክስፖርት አድርጌ በፍላሽ እናቴ ቤት ቲቪ ላይ እሰካለሁ። ኮምፒውተር ላይ ያማረ ነገር ቲቪው ላይ ሲሰካ ድምፅ የሌለው ሆኖ ያውቃል። ኤች 264፣ ድምፁ ኤኤሲ፣ ባለ 1080፣ ኤምፒ 4 ካደረጋችሁት አብዛኛው ቲቪ ይቀበለዋል። ኤችኢቪሲ ግን አሮጌ ቲቪ ላይ አይከፈትም።

ፍላሹን አትርሱ። የተፎረመተው በፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ "ፋይሉ ትልቅ ነው" ይላል፣ ባዶ ሆኖ ሳለ። ኤክስፋት ብታደርጉት ደግሞ የእናቴን ቲቪ የመሰለ አሮጌ ቲቪ አያነበውም። ሰርጉን በአንድ ረጅም ፋይል ማውጣቱን ትቼ ሰርግ፣ መልስ፣ ቅልቅል ብዬ ለሦስት ከፈልኩት። ለሳብታይትሉም ተመቸኝ። አክስቴ እንደሆነች የምትከፍተው ቅልቅሉን ብቻ ነው፤ እሷ የጨፈረችው እዚያ ላይ ነው።